የድሮውን ክብ ቤተ ክርስቲያን ከክረምት በፊት በሲሚንቶ እንለስነው? (ሱሉልታ አካባቢ)

ፀሐፊ_ሰበካ | ጥቅምት 4

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከሱሉልታ ከተማ ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ያለ አጥቢያ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ ሽማግሌዎች በምኒልክ ዘመን የተሠራ ነው ይላሉ። የውጭው ግድግዳ በጭቃ የተገነባ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር 14 ሜትር፣ ውፍረቱ 60 ሳ.ሜ.፣ ቁመቱ 4 ሜትር ያህል። መቅደሱ አራት ማዕዘን ሆኖ ግድግዳው ጭቃ ነው፤ በላዩ በአቡጀዲ ላይ የተሣለ ሥዕል ተለጥፎበታል። ጣሪያው ጥድ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ውጭው በደርግ ጊዜ በሲሚንቶ ተለስኗል።

አሁን የሚታየው ይህ ነው። ልስኑ ከመሬት እስከ 80 ሳ.ሜ. ድረስ እየተነፋ ይወድቃል፣ ከሥሩ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይወጣል። ከምዕራቡ በር በላይ ሁለት ስንጥቅ አለ፤ ላይኛው ጫፉ 4 ሚ.ሜ.፣ ታች ሲደርስ ፀጉር ያህል ነው። ጉልላቱ ሥር ያፈሳል። በሰሜን በኩል ሥዕሉ አንድ ክንድ በሚያህል ቦታ ከግድግዳው ለቆ አብጧል። ባሕር ዛፎቹ ከግድግዳው 5 ሜትር ላይ ናቸው።

ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ሁለት ሐሳብ ይዟል፦ ወይ ዙሪያውን የአርማታ ቢም አስሮ እንደገና በሲሚንቶ መለሰን፣ ወይ አፍርሶ ሰፊ ሕንፃ መሥራት። ምን ትላላችሁ?

ኖራና_ጭቃ | ጥቅምት 4

ሲሚንቶ አይሁን። ኮሚቴው «ሲሚንቶ ጠንካራ ነው» ብሎ መከራከሩ ስለማይቀር ምክንያቱን ያዙ።

በጭቃ የተገነባ ግድግዳ ከመሬት ውሃ ይስባል። ድሮ ልስኑ ጭቃ ወይም ኖራ ስለነበር የተሳበው ውሃ በልስኑ በኩል ተንኖ ይወጣ ነበር። ሲሚንቶ ይህን መውጫ ይዘጋዋል። መሄጃ ያጣው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ውስጥም ይዞራል፤ ያሟሟውን ጨው ተሸክሞ ልስኑና ድንጋዩ በሚገናኙበት ቦታ ሲደርቅ ጨው ይቋጥራል። ነጩ ዱቄት እሱ ነው። ጨው ሲቋጥር ስለሚያብጥ ልስኑን ከኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ የሚወድቀው ሲሚንቶው ስላረጀ አይደለም፤ ከኋላው ያለው ጭቃ ስለረጠበ ነው። ደግማችሁ ብትለስኑት እርጥበቱ ከ80 ሳ.ሜ. ወደ 1 ሜትር ከ20 ይወጣል እንጂ አይቆምም። እርጥብ ጭቃ ደግሞ መሸከም ያቅተዋል።

ከልስን በፊት ውሃው ይቅደም። ክዳኑ ከግድግዳው 1 ሜትር ወጣ ካለ ጣሪያው 16 ሜትር ስፋት አለው፣ 200 ካሬ ሜትር ማለት ነው። በአንድ ኃይለኛ ዝናብ 30 ሚ.ሜ. ቢጥል 6,000 ሊትር፣ 30 በርሜል ውሃ፣ ግድግዳው እግር ሥር ይወርዳል። ሜዳችሁ መረሬ (ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር ጥቁር ሸክላ) አፈር ነው፤ ቶሎ አይመጠውም፣ ከመጠጠው በኋላም ቶሎ አይለቀውም።

አሸንዳ አትስቀሉ። በክብ ጣሪያ ላይ በቁርጥራጭ ስለሚገጣጠም መጋጠሚያው ሁሉ ያፈሳል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልም ቶሎ ይደፍነዋል። ጠፈጠፉ በሚወርድበት መስመር ላይ ዙሪያውን በድንጋይ የተነጠፈ ቦይ ሥሩ፦

1. መጀመሪያ ከግድግዳው ጥግ 60 በ60 ሳ.ሜ. የሆነ አንድ የሙከራ ጉድጓድ በእጅ ቆፍራችሁ መሠረቱ እስከ የት እንደሚወርድ እዩ። ቦይ ከመሠረቱ ታች ጥልቀት በላይ ብቻ ነው የሚቆፈረው።
2. ዙሪያው 50 ሜትር ነው። ከፍ ባለው ወገን ጀምራችሁ ለሁለት ክፈሉት፤ እያንዳንዱ ክንፍ 25 ሜትር ይሆናል። በየሜትሩ 1 ሳ.ሜ. ዝቅ ይበል። በመነሻው 10 ሳ.ሜ. ጥልቀት ቢኖረው ሁለቱ በሚገናኙበት 35 ሳ.ሜ. ይደርሳል። ወርዱ 40 ሳ.ሜ.።
3. የቦዩን ወለልና ጎን ከመንጠፋችሁ በፊት በተረገጠ ሸክላ አፈር ድፈኑት። እዚህ የድንጋዩን ፉጋ (በድንጋዮቹ መካከል ያለውን መጋጠሚያ) በሲሚንቶ ብትሞሉት ግድ የለም፤ ግድግዳውን አይነካም።
4. መውጫውን ቢያንስ 10 ሜትር አርቁት፣ ወደ መቃብር በኩል እንዳይሆን።

በቁፋሮ ዐፅም ከወጣ ሥራው ይቁምና አባቶች ይጠሩ። ለወደፊቱም ከግድግዳው በ4 ሜትር ውስጥ መቃብር አይቆፈር፤ መሠረት የሚያናጋው ይህ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

ሌላ ሁለት ነገር እዩ። በግድግዳው ዙሪያ ለመራመጃ ሲሚንቶ ከፈሰሰ ይነሣ፤ የውጭው መሬትም ከውስጡ ወለል 15–20 ሳ.ሜ. ዝቅ ማለት አለበት። በውስጥ ደግሞ ከምንጣፉ ሥር ላስቲክ ተነጥፎ ከሆነ አውጡት። ወለሉ እርጥበት እንዳይወጣ ሲከለከል ውሃው ሁሉ ወደ ግድግዳው ይሄዳል።

ሲቪል_ለገጣፎ | ጥቅምት 5

በኖራና_ጭቃ እስማማለሁ። የቢሙን ነገር እኔ ልያዘው።

ግድግዳው ዙሪያውን 44 ሜትር ነው። 60 በ30 ሳ.ሜ. የሆነ ቢም ብታፈሱበት 8 ሜትር ኪዩብ አርማታ፣ ማለትም 20 ቶን ገደማ በጭቃ ግንብ ላይ ጫናችሁ። ያውም ሲፈስ ውሃው ወደ ጭቃው ይወርዳል። ቢሙ ድርቅ ያለ ስለሆነ መረሬው ሲያብጥና ሲኮማተር ከግድግዳው ጋር አብሮ አይንቀሳቀስም፤ በመካከላቸው አግድም ስንጥቅ ይፈጠራል።

ስንጥቁ ላይ ሰፍቶ ታች የጠበበ መሆኑ ሁለት ነገር ሊነግረን ይችላል። አንደኛው የጣሪያው እንጨት እግሩ በስብሶ ወደ ውጭ እየገፋ ነው። ሁለተኛው ከበሩ ግራና ቀኝ ያለው መሠረት ከመሃሉ ይልቅ እየሰመጠ ነው። የባሕር ዛፎቹ ቅርበት ሁለተኛውን ያስጠረጥራል፤ ሥራቸው በበጋ መረሬውን ያደርቀዋል፣ አፈሩ ይኮማተራል።

ሳትለኩ አትጠግኑ። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ምስማር በድንጋዩ ፉጋ ውስጥ ትከሉና በመካከላቸው ያለውን ርቀት በካሊፐር በየ15 ቀኑ ለኩ፤ ቀኑንም ልኩንም በመዝገብ ጻፉ። ካሊፐር ከሌለ በስንጥቁ ላይ መዳፍ የሚያህል ጄሶ ለጥፋችሁ ቀን ጻፉበት፤ ከተሰነጠቀ ግድግዳው ይንቀሳቀሳል። አንድ በጋና አንድ ክረምት ይታይ። በበጋ ሰፍቶ በክረምት የሚገጥም ከሆነ ጥፋቱ የአፈሩ ነው፤ በክረምትም በበጋም እየሰፋ ከሄደ ጣሪያውን ጠርጥሩ።

ዛፎቹን በአንድ ጊዜ አትጨርሷቸው። ለዓመታት የደረቀ መረሬ በድንገት ውሃ ሲያገኝ ያብጥና መሠረቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። በየዓመቱ ሲሶውን ቁረጡ፣ በሦስት ዓመት ይለቅ። ጉቶውን አትንቀሉ፤ የሚያቆጠቁጠውን ግን እየተከታተላችሁ ምቱ።

ጣሪያው እየገፋ መሆኑ ከተረጋገጠ መፍትሔው ከክዳኑ ሥር በግድግዳው አናት ዙሪያ የሚያልፍ፣ በብሎን የሚጠብቅ ዝገት የማይበላው ጠፍጣፋ ብረት ነው። ክብደቱ ከቢሙ ጋር አይወዳደርም፣ ካስፈለገም ይፈታል። መጠኑን ግን ቦታው ላይ ያየ መሐንዲስ ያስላው፤ በዚህ ገጽ ላይ ቁጥር አልሰጥም።

ከኮሚቴው | ጥቅምት 5

የተማራችሁ ናችሁ፣ እናከብራለን። ነገር ግን ሱሉልታ የድሮዋ ሱሉልታ አይደለችም። በበዓለ ንግሥ ቀን ሕዝቡ ሜዳ ላይ ዝናብ እየመታው ያስቀድሳል። ሁለት መቶ ሰው ለማይዝ ቤት ብር ማፍሰስ ምን ይሉታል? ምዕመናኑም ለአዲስ ሕንፃ እንጂ ለጭቃ አያዋጣም።

ሲቪል_ለገጣፎ | ጥቅምት 5

ወንድሜ፣ ስሌትዎ ልክ ነው። ውስጡ 129 ካሬ ገደማ ነው፤ መቅደሱ 5 በ5 ቢሆን ለሕዝቡ 100 ካሬ ይቀራል፣ በአንድ ካሬ ሁለት ሰው ቢቆም ሁለት መቶ ነው። ቤቱ ጠባብ ነው። ሆኖም ጥበት አዲስ ለመሥራት እንጂ አሮጌውን ለማፍረስ ምክንያት አይሆንም። በግቢው ውስጥ ዝቅ ባለው ወገን፣ ቢያንስ 15 ሜትር ርቃችሁ አዲሱን ሥሩ። ዝቅ ባለው ወገን ያልኩት የአዲሱ ጣሪያ ጎርፍ ወደ አሮጌው እንዳይሄድ ነው፤ ርቀቱ ደግሞ ለአዲሱ መሠረት ሲቆፈር የአሮጌው አፈር እንዳይሸሽ።

መሪጌታ_ዘእንጦጦ | ጥቅምት 6

አዲሱ ካለቀ በኋላ አሮጌው ተዘግቶ ከተተወ ፈርሷል በሉት። አገልግሎት የሌለበት ቤት ውስጥ ማፍሰስ የጀመረውን የሚያይ ሰው የለም፤ የሌሊት ወፍ ይገባል፣ ሥዕሉ ይሻግታል። በወር በዓሉ ቅዳሴ ይቀደስበት፣ ወይም እንደ እንጦጦ ማርያም የቅርስ ማሳያ በግቢው ይኑር፤ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ያዩ ያውቁታል።

ሥርዓቱን በተመለከተ ቶሎ ልናገር። የመቅደሱ ጣሪያ የሚነካ ከሆነ ታቦቱ አስቀድሞ ወደ መቃኞ (ጊዜያዊ ማደሪያ) ይወጣል። መቃኞው ሳይዘጋጅ ክዳን አይነሣ። ወደ መቅደስ የሚገባው ሠራተኛ ክህነት ያለው ይሁን፤ አናጢ ካህን ወይም ዲያቆን መፈለግ ጊዜ ስለሚወስድ ከአሁኑ ይጀመር። ሥራው ሲያልቅ ቅዳሴ ቤቱ በሊቀ ጳጳሱ ፈቃድ ይከበራል።

ፈቃዱም ሁለት መንገድ አለው። በቤተ ክህነት በኩል የሰበካ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ በወረዳ ቤተ ክህነት አድርጎ ወደ ሀገረ ስብከት ይሄዳል። በመንግሥት በኩል ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና የቅርስ ባለሥልጣኑን ቅድሚያ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ማመልከቻውን በከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል አስጀምሩት። ደብዳቤ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ልክ ያለው ንድፍ፣ የአራቱም አቅጣጫ ፎቶግራፍ፣ የጉዳቱ ዝርዝር፣ የሚሠራው ሥራና የሚገባው ቁሳቁስ፣ እንዲሁም በሥራው ጊዜ የሚነሡ የብራና መጻሕፍት፣ መስቀሎችና ሥዕሎች መዝገብ ይያያዝ። መዝገቡን ቄሰ ገበዙና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት። በጥገና ግርግር የሚጠፋው ቅርስ ብዙውን ጊዜ በመዝገብ ያልሰፈረው ነው።

ወለተ_ሥዕል | ጥቅምት 6

ስለ ሰሜኑ ሥዕል። ማንም አይጫነው፣ አይመልሰው። እንደሚሆን የምፈራው «በኮላ እንለጥፈው» ነው። ነጭ ኮላ ከደረቀ በኋላ አቡጀዲውን ያደርቀዋል፣ ይኮማተራል፣ ከዚያ ባለሙያ ቢመጣ እንኳ ሳይቀደድ አይለቅም። ምስማርም አይመታበት። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ደግሞ ቀለሙን ከነማጣበቂያው ያነሣዋል።

እናንተ መሥራት የምትችሉት መመዝገብና መከለል ነው። ሌሊት መብራት አጥፍታችሁ ባትሪ ከሥዕሉ ጎን፣ ግድግዳውን ታክኮ እንዲበራ ያዙና ፎቶ አንሡ፤ ያበጠው ቦታ ሁሉ ጥላ ጥሎ ይታያል። በፎቶው ውስጥ ማስመሪያ ይግባ። በጣት ጫፍ ቀስ ብላችሁ ብታንኳኩ የለቀቀው ቦታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ቀለሙ በሚፈረፈርበት ቦታ ግን አታንኳኩ። የለቀቀውን በፎቶው ቅጂ ላይ በእርሳስ አክብቡ። በስድስት ወር ደግማችሁ አወዳድሩ።

ጣሪያ ሲሠራ በሥዕሉ ፊት 30 ሳ.ሜ. ርቆ የጥጥ ጨርቅ ይጋረድ። ላስቲክ አይሁን፤ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ከላስቲኩ ሥር ጤዛ ያዝላል። ውሃ ይወርዳል ብላችሁ ከፈራችሁ ሸራው ከላይ፣ ከጣሪያው ሥር ይወጠር።

ጧፍ ማቆሚያውን ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል አርቁት። ምዕመናን እየተሳለሙ የሚነኩት ዝቅ ያለው ክፍል በእንጨት አጥር ይከለል። «ደብዝዟልና ሠዓሊ አስጠርተን እናድሰው» የሚል በጎ አድራጊ ከመጣ ገንዘቡን ለቦዩ እንዲሰጥ ለምኑት፤ በላዩ አዲስ ቀለም የተቀባበት ሥዕል ጠፋ ማለት ነው።

አናጢ_ቡራዩ | ጥቅምት 7

ጉልላቱ ሥር የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ ቆርቆሮው ራሱ አይደለም። የቆርቆሮዎቹ ጫፍ ተሾልኮ ተቆርጦ ከጉልላቱ ምሰሶ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ዙሪያውን 30 ሳ.ሜ. የሚወርድ የላሜራ ቀሚስ አልብሱት። ሬንጅ ወይም ሲሊኮን ብቻ ከሆነ ከፀሐዩ የተነሣ ሁለት ዓመት አይቆይም።

ቆርቆሮው ሲነሣ የእያንዳንዱን እንጨት እግር በሹል ብረት ውጉት። ያለ ኃይል 1 ሳ.ሜ. ከገባ በስብሷል። እንጨቱን በሙሉ አትለውጡ፤ የበሰበሰውን ቆርጣችሁ ጤነኛው ላይ በሰያፍ ቀጥሉት። የቅጥያው ርዝመት የእንጨቱን ውፍረት 4 እጥፍ ይሁን፣ በሁለት ብሎን ይያዝ። ጥድ ከግቢው ዛፍ መቁረጥም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ ጥድ ፈልጉ፣ ደርቆ ያለቀ ስለሆነ አይጣመምም። እርጥብ ባሕር ዛፍ በአንድ በጋ ይጠማዘዝና ቆርቆሮውን ይነቅለዋል።

ነቀዝ ላለበት እንጨት የተቃጠለ ዘይት አትቀቡ፤ ይንጠባጠባል፣ እሳትም ይወዳል። 600 ግራም ቦራክስና 400 ግራም ቦሪክ አሲድ በ9 ሊትር ሙቅ ውሃ ሟሙቶ ሁለት ጊዜ በብሩሽ ይቀባ። ዝናብ ስለሚያጥበው ከክዳን ሥር ላለ እንጨት ብቻ ነው።

ምስማሩ ባለ ጎማ ሆኖ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ይመታ። ክዳኑና ግድግዳው በሚገናኙበት ክፍተት አየር ይግባ፣ በ6 ሚ.ሜ. ሽቦ ወንፊት ብቻ ይዘጋ። ሰው ለሌሊት ወፍ ብሎ በሲሚንቶ ይደፍነዋል፤ ከዚያ ከቆርቆሮው ሥር የሚያዝለው ጤዛ እንጨቱን ያበሰብሰዋል።

ፀሐፊ_ሰበካ | ጥቅምት 9

እግዚአብሔር ይስጥልን። ቢሙ ቀርቷል፣ ኮሚቴው ለቦዩ ተስማምቷል። አሮጌውን ልስን መቼ እናንሣው? ግንበኛችን በኅዳር አንሥቶ ወዲያው በኖራ ልለስን ይላል። ምን ያህል ኖራስ እንግዛ?

ኖራና_ጭቃ | ጥቅምት 9

ማንሣቱ በኅዳር ይሁን፣ መለሰኑ ግን አይሁን። በሱሉልታ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ያልጠነከረ የኖራ ልስን ውስጥ ያለው ውሃ ሲበርድ ልስኑ ይፈረፈራል። ግድግዳውም አልደረቀም። በግምት ከአንድ ፊት በወር 2.5 ሳ.ሜ. ነው የሚደርቀው፤ የእናንተ 60 ሳ.ሜ. ከሁለቱም ፊት ቢደርቅ እንኳ አንድ ዓመት ይፈልጋል።

ስለዚህ ዘንድሮ ልስኑን አንሡና ፉጋውን ብቻ ሙሉ። ከታችኛው 1 ሜትር ጀምሩ፣ በ1.5 ሜትር እየከፈላችሁ አንዱን ሠርታችሁ አንዱን ዝለሉ። በትንሽ መዶሻና መሮ ይሁን፤ የኤሌክትሪክ መዶሻ ጭቃውን ከውስጥ ያራግፈዋል። ሲሚንቶው ድንጋዩን ይዞ ከመጣ እዚያ ቦታ ተዉት። ፉጋው 3 ሳ.ሜ. ያህል ተፍቆ፣ ተጠርጎ፣ ረጠብ ተደርጎ በ1 እጅ ኖራና በ3 እጅ አሸዋ ይሞላ፤ ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ፣ በየማታው በእርጥብ ጆንያ እየተሸፈነ፣ ለአንድ ሳምንት። የበልግ ዝናብ ሳይመጣ ይጠነክራል። ልስኑ በሚመጣው ዓመት በዚያው ወር ይሆናል። ድንጋዩ አንድ ክረምት ባዶውን ቢቆም አይጎዳም፣ ቦዩ ከተሠራ።

ለልስኑ፦ በርና መስኮት ወጥቶ 160 ካሬ ይቀራል፤ በ2 ሳ.ሜ. ውፍረት 3.2 ሜትር ኪዩብ ነው። 3.5 ኪዩብ አሸዋና 1.2 ኪዩብ የተቦካ ኖራ ይበቃል፤ በ25 ኪሎ ከረጢት 30 ያህል የዱቄት ኖራ። ዱቄቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በውሃ ተዘፍዝፎ ይቆይ። ያልበረደ የድንጋይ ኖራ ከገዛችሁ ሦስት ወር በውሃ ሥር ይቆይ፤ ሲበርድም ኖራው ወደ ውሃ ይጨመር እንጂ ውሃ በኖራው ላይ አይፈስስ፣ ይፈላል፣ ይረጫል። መነጽርና ጓንት ግዴታ ነው፤ ዓይን ያጠፋል።

አሸዋውን ሳትፈትሹ አትቀበሉ። የብርጭቆ ማሰሮ እስከ ግማሽ አሸዋ፣ ቀሪውን ውሃና ቁንጥር ጨው፤ ነቅንቁና ለሦስት ሰዓት ተዉት። ከላይ የሚቀመጠው ጭቃ ከአሸዋው ቁመት ከ6 በመቶ ከበለጠ ታጥቦ ይምጣ ወይም ይመለስ።

ከኮሚቴው | ጥቅምት 10

ግንበኛው «ቶሎ እንዲይዝ ጥቂት ሲሚንቶ ልጨምርበት» ይላል። ጥቂትስ ምን ይጎዳል?

ኖራና_ጭቃ | ጥቅምት 10

ጥቂቱ ከብዙው ይከፋል። ኖራው ቀስ ብሎ ራሱን እንዳያጠነክር ያውከዋል፣ የሲሚንቶውም ብዛት ስለማይበቃ ጥንካሬ አይሰጥም፤ ጨውም ይጨምራል። መፍጠን ካስፈለገ ከአሸዋው አምስተኛውን በደቀቀና በወንፊት በተነፋ ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ተኩት። መጀመሪያ ግን ከግድግዳው ጀርባ አንድ ካሬ ሜትር ለስናችሁ አንድ ወር እዩት።

ፀሐፊ_ሰበካ | ጥቅምት 11

የሙከራው ጉድጓድ በየት በኩል ይቆፈር? ከምዕራቡ በር ሥር፣ ከስንጥቁ አጠገብ አስበናል።

ሲቪል_ለገጣፎ | ጥቅምት 11

ከስንጥቁ ሥር በፍጹም አይሁን። ከበሩ 3 ሜትር ርቃችሁ፣ ስንጥቅ በሌለበት፣ በባሕር ዛፎቹ ወገን ቆፍሩ፤ ሥራቸው ከመሠረቱ ሥር ገብቶ እንደሆነ በዚያው ታያላችሁ። ከለካችሁና ፎቶ ካነሣችሁ በኋላ በዚያው ቀን አፈሩን በ15 ሳ.ሜ. በ15 ሳ.ሜ. እየረገጣችሁ መልሱ። ክፍቱን አይደር።